ቅዳሜ ሜዳ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን

አንድ አይሁዳዊ ወጣት በቅዳሜ ምሽት፣ እሁድን ለሚያከብር የሞርሞኖች ዩኒቨርሲቲ ኳስ ይወረውራል። አሰልጣኙ ቶንጋ የምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር ተወላጅና ሞርሞን ነው። ከሜዳው ማዶ የቆመው የተቃራኒ ቡድን አሰልጣኝም ሞርሞን ነው፤ በወጣትነቱ የተጫወተውም አሁን ሊያሸንፈው ለሚታገለው ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ግጥሚያውን አሜሪካኖች “ቅዱስ ጦርነት” ይሉታል። ይህ ሁሉ የሆነው ኖቬምበር 9 ቀን 2024 በሶልት ሌክ ሲቲ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ)። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ምኑ እንዲህ እንደሳበኝ ለጠየቃችሁኝ ወዳጆቼ ከዚህ ቀን የተሻለ መነሻ የለኝም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ጥቂት ነገር ብቻ ልበል። ኳሷን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ማራመድ አለበት፤ ካልቻለ ለተቃራኒው ይለቃል። ኳሷን ይዞ ከመጨረሻው መስመር ያለፈ ተችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ 6 ነጥብ ያገኛል። ኳሷን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ኳርተርባክ ነው። የቀረው እያያችሁ ይገባችኋል።

እንግዲህ ያን ምሽት ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ቢዋይዩ፣ ስምንት ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው የገባው። የዩታ ዩኒቨርሲቲ በተቃራኒው አራት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፏል። ሆኖም እስከ ዕረፍት ዩታ 21 ለ 10 መራ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቢዋይዩ በሁለት ነጥብ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ኳሷን ያዘ፤ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ ግን ኳርተርባኩ በራሱ የግብ መስመር አፋፍ ላይ ተይዞ ወደቀ። አለቀ ተባለ። የዩታ ደጋፊዎች እየጮኹ ተቃቀፉ። ያኔ ነው ሣሩ ላይ የወደቀች አንዲት ቢጫ ጨርቅ የታየችው። ዳኛው ጥፋት አይቷል፤ አንድ የዩታ ተከላካይ ኳስ ለመቀበል የሚሮጠውን ተጫዋች ይዞታል። ቢዋይዩ አዲስ አራት ሙከራ ተሰጠው፤ ሜዳውን እየቆረሰ ወጣ፤ ዊል ፌሪን ከ44 ያርድ መትቶ ኳሷን በቋሚዎቹ መካከል ሲያሳልፋት ሰዓቱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። 22 ለ 21። የዩታ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ኃላፊ በንዴት ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ድላችንን ተሰረቅን አለ፤ ሊጉም 40,000 ዶላር ቀጣው።

ያ አይሁዳዊ ኳርተርባክ ጄክ ሬትዝላፍ ይባላል። 35,000 ያህል ተማሪዎች ባሉበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይሁዶቹ ሦስት ብቻ እንደነበሩ በዜና ተዘግቧል። አንገቱ ላይ የዳዊትን ኮከብ ያደርጋል፤ የግቢው ደንብ ስለሚያስገድድ እንደማንኛውም ተማሪ የሃይማኖት ትምህርት ይወስዳል፤ በ2023 በሐኑካ በዓል ፕሮቮ ከተማ ውስጥ በአደባባይ መቅረዝ ሲበራ ከዋነኞቹ አንዱ እርሱ ነበር። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው የማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ሌላው ከመኪና ሻጭና ከስፖርት ጫማ አምራች ጋር ሲዋዋል ሬትዝላፍ ከማኒሼቪትዝ ጋር ተዋዋለ፤ ኩባንያው የሚታወቀው ማጻ በሚባለው የአይሁድ ፋሲካ ቂጣ ነው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን በየዓመቱ የምትገዙት ዓይነት ቂጣ አሜሪካ ውስጥ በሞርሞን ዩኒቨርሲቲ ኮከብ ተዋወቀ ማለት ነው። ልጁ በ2025 ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል። እኔ ግን ፕሮቮ ላይ በነበረበት ጊዜ የተጻፈውን ሁሉ ስከታተል አንድ ነገር ልቤን ነካው፤ ሞርሞኖቹ በሃይማኖት ብቸኛ መሆን ምን እንደሆነ ከአያት ከቅድመ አያቶቻቸው ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ይመስለኛል እንግዳቸውን በደስታ የተቀበሉት።

ይህን ለመረዳት ስለ ሞርሞኖች ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሙሉ ስም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አዲስ አበባም ምዕመናን አሏት። መጠጥና ትንባሆ አይቀምሱም። ቡናና ሻይም አይጠጡም! በ1833 ከተጻፈ የሃይማኖታቸው መመሪያ የመጣ ክልከላ ነው። የቢዋይዩ ተማሪ ገና ሲመዘገብ በዚህ ሕግ ለመኖር ይፈርማል፤ ሞርሞን ባይሆንም ያው ነው። ጥንቃቄው ቡና ላይ ብቻ አላበቃም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ካፌይን ያለበትን ለስላሳ ባትከለክልም ዩኒቨርሲቲው በግቢው ውስጥ እንዲህ ያለውን ኮካ ኮላ ለረጅም ዓመታት አልሸጠም ነበር። በሴፕቴምበር 2017 መሸጥ እንደሚጀምር ሲያስታውቅ ዜናው አገር አዳረሰ። ሦስት ጊዜ ቡና ለምናፈላ ሰዎች ይህ ከባድ ጾም ነው፤ ቢሆንም ጾም ምን እንደሆነ የምናውቅ ሕዝቦች ስለሆንን ከማንም ይልቅ እኛ ልንረዳቸው እንችላለን።

ሌላው ልዩ ነገር ተልእኮ ነው። ብዙ የሞርሞን ወጣቶች ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለሁለት ዓመት ወደ ሩቅ አገር ሄደው ሃይማኖታቸውን ይሰብካሉ። ተጫዋቾቹም ይሄዳሉ። ጉልበታቸው በሚጎለብትበት ዕድሜ ኳስ አስቀምጠው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት በእግር ይዞራሉ። የኮሌጅ ስፖርት ሕግም ያንን ጊዜ ከመጫወቻ ዓመታቸው ላይ አይቆጥርባቸውም። ስለዚህ ቢዋይዩ ውስጥ ሚስት ያገባ፣ ልጅ የወለደ የ24 ዓመት ተጫዋች ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ተቃራኒዎቻቸው “ከሽማግሌ ጋር ነው የምንጫወተው” እያሉ ያማርራሉ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ኳስ ሳይነኩ ኖሮ ተመልሶ ቦታ ማስከበር ከባድ ሥራ ነው እላለሁ።

እሁድ ደግሞ በፍጹም አይጫወቱም። በማንኛውም ስፖርት፣ ለዋንጫም ቢሆን። ለዚህ ሲባል የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አዘጋጆች የውድድሩን ሰንጠረዥ ሲያወጡ ቢዋይዩን እሁድ ላይ ከማይወድቅ ምድብ ማስገባት ግዴታቸው ነው። በ2003 አዘጋጆቹ ረሱትና ቡድኑ ካሸነፈ እሁድ የሚጫወትበት ቦታ መደቡት፤ ስህተቱ የታየው ሰንጠረዡ ከወጣ በኋላ ነበር። ቢዋይዩ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ስለተሸነፈ ነገሩ በዚያው ቀረ። ለእኛ የሰንበት ክርክር እንግዳ አይደለም፤ ቅዳሜም እሁድም ይከበር የሚለው ጥያቄ ገዳማትን ከፋፍሎ፣ በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳነጋገረ ታሪካችን ይነግረናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ቅዳሜ የኳስ ቀን የሆነው እሁድ ስለሚከበር ነው። በብዙ ግዛቶች እሁድ ስፖርት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ፔንሲልቬኒያ እንኳ የፈቀደችው በ1933 ነው። ኮሌጆቹ ቅዳሜን ያዙ። ክፍያ የሚያገኙት ባለሙያዎች ኋላ እሁድን ወሰዱ፤ በ1961 የወጣ ሕግም ባለሙያዎቹ በመጸው ወራት ቅዳሜ ጨዋታቸውን በቴሌቪዥን እንዳያስተላልፉ አድርጎ የኮሌጆቹን ቀን ጠበቀላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ይህ ኳስ የሚያስፈነድቀኝ፣ አሜሪካ የናቀቻቸውና የፈራቻቸው ሃይማኖቶች “እኛም የዚህ አገር ሰዎች ነን” ያሉበት መድረክ ስለሆነ ነው። በ1838 የሚዙሪ ገዥ ሞርሞኖች ከግዛቱ እንዲባረሩ፣ ካልሆነም እንዲጠፉ የሚያዝ ትእዛዝ አወጣ፤ ትእዛዙ በይፋ የተሻረው በ1976 ነው። መሥራቻቸው ጆሴፍ ስሚዝ በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ እስር ቤት ሳለ በመንጋ ተገደለ። ብሪገም ያንግ የተረፉትን መርቶ በ1847 ሰው ወዳልፈለገው በረሃ ገባ። የዩታ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቢዋይዩ መነሻቸው ከዚያ ስደተኛ ሕዝብ ነው፤ “ቅዱስ ጦርነት” የወንድማማች ጠብ የሚመስለው ለዚህ ነው። አንድ ቤት ውስጥ አባት የዩታን ቀይ፣ ልጅ የቢዋይዩን ሰማያዊ ለብሰው እራት ይቀርባሉ። እናም በ1984 ቢዋይዩ 13 ጨዋታ አድርጎ 13ቱንም አሸነፈ፤ የመጨረሻውን ሚሺጋንን 24 ለ 17 ረታ፤ የመላ አሜሪካ ሻምፒዮን ተባለ። ያ የተሰደደ ሕዝብ የልጅ ልጆቹን አንደኛ ሆነው ሲያያቸው ምን እንደተሰማው አስቡት።

በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ጥላ አለ፤ ጥቁሮች ሆነን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። እስከ ጁን 1978 ድረስ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለጥቁር ወንዶች ክህነት አትሰጥም ነበር። በኦክቶበር 1969 ቢዋይዩ ዋዮሚንግ ላይ ሊጫወት ሲመጣ 14 የዋዮሚንግ ጥቁር ተጫዋቾች ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ተቃውሟቸውን ለመግለጽ ፈለጉ። ጨርቁን እንዳሰሩ ስለ ጉዳዩ ሊያነጋግሩት ወደ አሰልጣኛቸው ሄዱ። በጨዋታው ዋዜማ 14ቱንም አባረራቸው። ገና ወጣቶች ናቸው፤ ለብዙዎቹ የኳስ ሕይወት በዚያች ጠዋት ተበላሸ። ዩኒቨርሲቲያቸው በይፋ ይቅርታ የጠየቃቸው በ2019፣ ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ግን ማን ይገምታል? ከ2020 ጀምሮ ከእነዚያ ሰዎች በሕይወት ካሉት መካከል አንዳንዶቹ ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባብረው በየከተማው ለተቸገሩ ሰዎች በጭነት መኪና ምግብ ያድላሉ። በዚህ ሁሉ ንባቤ ውስጥ እንደዚህ ያስደነቀኝ ነገር የለም።

ከሞርሞኖች በፊት በዚያው መንገድ የሄዱት ካቶሊኮች ናቸው። ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ፣ ኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ፤ በ1842 የፈረንሳይ መነኮሳት የመሠረቱት። በ1920ዎቹ ኢንዲያና የኩ ክሉክስ ክላን ዋና ምሽግ ነበረች፤ እዚያ ክላን ከጥቁሮችና ከአይሁዶች ጋር ካቶሊኮችን በእኩል ይጠላ ነበር። በሜይ 17 ቀን 1924 የክላን አባላት ሳውዝ ቤንድ ላይ ሊሰለፉ ከየቦታው መጡ። የኖተር ዴም ተማሪዎች ባቡር ጣቢያው ድረስ ወርደው ጠበቋቸው፤ ነጭ ካባቸውን ቀደዱባቸው፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ማቲው ዋልሽ እንደ አባት ለምነው ነው ልጆቹን ወደ ግቢ የመለሷቸው። በዚያው ዓመት መጸው የኖተር ዴም ቡድን ሁሉንም አሸነፈ። በኦክቶበር ኒው ዮርክ ላይ የጦር አካዳሚውን 13 ለ 7 ሲረታ ግራንትላንድ ራይስ የተባለ ጋዜጠኛ አራቱን የኋላ ተጫዋቾች በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 6 ላይ በሚወጡት አራት ፈረሰኞች መሰላቸው። ቡድኑ አገሩ ሲመለስ የማስታወቂያ ሠራተኛ የነበረ ተማሪ ፈረስ ተከራይቶ አራቱን ልጆች ከነመለያቸው አስቀመጠና ፎቶ አስነሳቸው። ፎቶው አሜሪካን ሞላ። ኖቬምበር ላይ በክላን የተደገፈ ሰው የኢንዲያና ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1925 የእነዚያ ካቶሊኮች ቡድን ካሊፎርኒያ ላይ ስታንፈርድን 27 ለ 10 አሸንፎ የውድድር ዘመኑን ያለ ሽንፈት ጨረሰ። አሰልጣኙ ኑት ሮክኒ ከኖርዌይ በልጅነቱ የመጣ ሉተራዊ ነበር፤ በ1925 እርሱም ካቶሊክ ሆነ።

የኒው ዮርክና የቺካጎ አይሪሾች፣ ጣሊያኖችና ፖላንዶች፣ ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጡ የፋብሪካና የወደብ ሠራተኞች፣ ኖተር ዴምን የራሳቸው አደረጉ። ለንደንን በዓይኑ ሳያይ ለአርሰናል የሚያለቅስ የአዲስ አበባ ልጅ እንዴት እንደሚሰማው እነርሱ ያውቁታል። በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ጨዋታው ስለሚመጡም “የምድር ውስጥ ባቡር ምሩቃን” ተባሉ።

የኖተር ዴምን ግቢ ብታዩት! ከስታዲየሙ በስተሰሜን ባለው ቤተ መጻሕፍት ፊት ላይ 41 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የክርስቶስ ሥዕል አለ፤ ሚላርድ ሺትስ የነደፈውና በ1964 የተመረቀ። ቀለም አይደለም፤ ከብዙ አገር የመጣ ድንጋይ እየተቆረጠ የተገጠመ ነው። ክርስቶስ በሐዋርያትና በሊቃውንት ተከቦ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል። ታዲያ የፉትቦል ዳኛ ተችዳውን ሲቆጠር የሚያሳየው ምልክት ሁለት እጆችን ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ሥዕሉም ቀጥታ ወደ ሜዳው ይመለከታል። ሕዝቡ በፍቅር “ተችዳውን ጂሰስ” ብሎታል። በዚያው አካባቢ ሙሴ አንድ ጣቱን ወደ ሰማይ አንስቶ የቆመበት ሐውልት አለ፤ እርሱንም “ፈርስት ዳውን ሞዝስ” ይሉታል፤ አዲስ አራት ሙከራ ተገኘ ለማለት ነው። አባ ዊልያም ኮርቢ ደግሞ በ1863 በጌቲስበርግ ጦርነት ለወታደሮች የኃጢአት ስርየት ሲሰጡ እጃቸውን እንዳነሱ ተቀርጸዋል፤ ኳስ ሊቀበል እጁን የሚያነሳ ተጫዋች ስለሚመስሉ የእርሳቸውም ሐውልት የኳስ ስም ወጥቶለታል። ይህን እንደ ድፍረት የሚያዩት ይኖራሉ። እኔ እንደ ቤተሰብነት ነው የማየው፤ ሰው ቅጽል ስም የሚያወጣው ለሚቀርበው ነው።

ከካቶሊኮቹ ወደ መላ አሜሪካ የተሻገረ አንድ ነገር ደግሞ አለ። እመቤታችንን በመልአኩ በገብርኤል ሰላምታ የሚያወድሰው ጸሎት ለእኛም የየዕለት ጸሎታችን ነው፤ ካቶሊኮችም አላቸው፤ በእንግሊዝኛ ሄይል ሜሪ ይባላል። ከአራቱ ፈረሰኞች አንዱ የሆነው ጂም ክሮውሊ ሲተርክ እንደኖረው፣ በ1922 ከጆርጂያ ቴክ ጋር ሲጫወቱ ከጭንቅ ሙከራ በፊት ይህን ጸሎት እንድገም ያለው ካቶሊኩ አልነበረም፤ ኖብል ካይዘር የተባለ ፕሬስቢቴሪያን ተጫዋች ነው። ጸለዩ፣ አስቆጠሩ፣ ደግመው ጸለዩ፣ ደግመው አስቆጠሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተስፋ በተቆረጠበት ሰዓት የሚወረወር ረጅም ኳስ ሁሉ ሄይል ሜሪ ሆነ።

ከሁሉም የምወደው የዳግ ፍሉቲን ነው። ኖቬምበር 23 ቀን 1984፣ ማያሚ። የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ የሆነው ቦስተን ኮሌጅ 45 ለ 41 እየተመራ ነው፤ 6 ሰከንድ ቀርቷል። ፍሉቲ ቁመቱ 178 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለኳርተርባክ አጭር ይባላል። ኳሷን ተቀበለ፤ የሚያሳድዱትን ሸሽቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ሮጠ፤ በራሱ ሜዳ 37ኛው ያርድ ላይ ቆመና በነፋስ ላይ በሙሉ ሰውነቱ ወረወራት። 60 ያርድ አልፋ ሄደች። ተከላካዮቹ ከዚያ ርቀት እዚህ አይደርስም ብለው ከመስመሩ ወዲህ ቆመዋል። ሰዓቱ አልቋል፤ ኳሷ ገና አየር ላይ ናት። ጄራርድ ፌለን ከተከላካዮቹ ጀርባ ሆኖ በደረቱ ይዟት መስመሩ ውስጥ ወደቀ። 47 ለ 45። ያንን ፊልም ስንት ጊዜ ብታዩት አይሰለቻችሁም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ባፕቲስቶች የመሠረቱት ዌክ ፎረስት ቡድን ከ1920ዎቹ ጀምሮ “ጋኔን ዲያቆናት” ይባላል። የቴክሳሱ ቤይለር፣ እርሱም የባፕቲስቶች፣ ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ እንዲጨፍሩ የፈቀደው በ1996 ነው።

ቀደም ብዬ ያነሣሁት ሃይማኖትን የመናቅ ነገር ግን ገና አላለፈም። በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ቢዋይዩ ኮሎራዶ ሄዶ 24 ለ 21 ሲያሸንፍ ከተመልካቾች መካከል አንዳንዶቹ ሞርሞኖችን በጸያፍ ቃል የሚሰድብ ጩኸት አሰሙ፤ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ይቅርታ ጠየቀ፣ 50,000 ዶላርም ተቀጣ። በሌሎች ስታዲየሞችም ይህ ደርሶባቸዋል። ሙስሊምን ወይም አይሁድን እንዲህ ቢሉ አገር ይናወጥ ነበር፤ ሞርሞን ሲሆን ብዙዎች እንደ ቀልድ ያዩታል። ቅጣቱ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ቀላል ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የውድድር ዘመኑ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ ነው፤ ቅዳሜ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥኑ አይዘጋም። በአካል ለማየት የቻለ ሳውዝ ቤንድ ይሂድ። መጀመሪያ በ1896 የሉርድን ዋሻ አስመስለው የሠሩት ቦታ ሄዶ፣ ሻማ ለማብራት የተሰለፉትን ደጋፊዎች ይይ፤ ከዚያ ወደ ስታዲየሙ ይግባ፤ ጨዋታው ሲያልቅ እዚያው ባዚሊካው ውስጥ ቅዳሴ አለ። ፕሮቮ የምትሄዱ ደግሞ ቡናችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ጠጡ፤ ስታዲየም ውስጥ አታገኙም። በምትኩ “የኩገር ጅራት” የሚባል፣ በሜፕል ሽሮፕ ጣዕም የተቀባ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዶናት ይሸጣል። አንዱ ለሦስት ሰው ይበቃል።